የአባቴ ድንጋይ

ሰሞኑን ጎረቤታችን አጥር ሊሠራ በጋሪ ድንጋይ ያስመጣል፤ አንዱ ተራግፎ መሬት ላይ «ድው!» ባለ ቁጥር እስክሪብቶዬ ይቆምና ልቤ አምበር ካለው የአያቴ ግቢ ይደርሳል።

ያን ጊዜ ቤታችን ይጁቤ አጠገብ ነበር። ክረምቱን አባቴ እርሻ ላይ ስለሚውል ደህና ነበርን፤ እህሉ ተሰብስቦ ጠላ ቤት መዋል ሲጀምር ግን በትሩ እናቴ ላይ ያርፍ ነበር። እሷም ታናሽ እህቴን ስመኝን አዝላ፣ እኔን በእጇ ይዛ፣ ግማሽ ቀን ተጉዛ አባቷ ቤት ትገባ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ አባቴ ሽማግሌ አስከትሎ፣ ከአጥሩ ሥር ትልቅ ድንጋይ አንስቶ ጫንቃው ላይ አድርጎ፣ አጎንብሶ ደጃፉ ላይ ይቆማል። ሽማግሌዎቹ «የሺ፣ ልጄ፣ እስኪ እይው፤ አንገቱ ሊቆረጥ ነው!» ይላሉ፤ እናቴ ታለቅስና «ምሬዋለሁ» ትላለች፤ ድንጋዩ ድው ይላል፤ እኛም እንመለሳለን።

«እማ፣ ለምን?» እላት ነበር በመንገድ።

«ዝም ብለሽ ሂጂ!»

አሁን መጻፍ ስለቻልኩ ግን ዝም አልልም። እሱ ድንጋዩን የሚሸከመው ለአንድ አፍታ እኮ ነው፤ እሷ ሰንበሯን ወር ሙሉ ትሸከም ነበር! ስጽፈው እንኳ እበግናለሁ።

በአንዱ ጥር እንደለመድነው ሸሽተን አያቴ ግቢ ከስመኝ ጋር እቃቃ ስንጫወት፣ እኔ ባል ሆንኩ፣ እሷ ሚስት። በአገዳ መታኋትና ትንሽ ድንጋይ ትከሻዬ ላይ አድርጌ አጎነበስኩ። ገና አፌን ሳልከፍት፣ «ምሬሃለሁ፣ ና ግባ!» አለችኝ።

እናቴ ገብስ እያበጠረች ታየን ኖሯል። ሰፌዱን አስቀምጣ፣ «ለምን ማርሽው?» አለቻት።

«ድንጋዩ ይከብደዋላ!»

«አንቺንስ ሲመታሽ አላመመሽም?»

ስመኝ ሳቀች። «ሚስት ነኝ እኮ!»

እናቴ ሰፌዱን መልሳ አላነሳችም። ገብሱንም ሳትጨርሰው ዋለች።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ አባቴም ድንጋዩን ተሸክሞ ቆመ። እናቴ አላለቀሰችም። «አውርዱለት፣ ይከብደዋል። እኔ ግን አልመለስም» አለች።

«ሽማግሌ ረገጠች!» ተባለ። አያቴ ሳይቀሩ «አሳፈርሽኝ» ብለው ተቆጡ።

እሷም «አባባ፣ ልጆቼ ተጫወቱት እኮ» አለችና ያየችውን ነገረቻቸው። አያቴ ከተቀመጡበት ተነሡ፤ ድንጋዩንም ራሳቸው ከአባቴ ጫንቃ አወረዱት።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ በአንዲት የኪራይ ክፍል እንኖራለን፤ እናቴ ልብስ ትሰፋለች፣ ክረምት ሲመጣ ጣሪያችን ያፈሳል። ሰው አሁንም «መቼ ነው የምትታረቂው?» ይላታል፤ እኔም እንደ ድሮዬ እበግናለሁ። ግን ያኔ ተመትታ ትስቅ የነበረችው ስመኝ፣ ዛሬ ፀጉሯን ስሠራት ትንሽ ከጎተትኳት «አመመኝ!» ብላ ሰፈሩን ታቀልጠዋለች። እናቴም ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ «አመመኝ እያለችሽ አይደለም እንዴ? ቀስ በያት» ትለኛለች።