ሁለት የግራ እጅጌ

በሱቃችን ሦስት የስፌት መኪና አለ። በር አጠገብ ያለው የእኔ ነው፤ አላፊ አግዳሚውን ሳላይ መስፋት አይሆንልኝም። ከመደርደሪያው ሥር ያለው የባለሱቋ ነው። እሷ አንድ ጨርቅ ለመቁረጥ ሦስት ጊዜ ትለካለች፣ ትተክዛለች፣ እንደገና ትለካለች። እኔን ደንበኞች «አውሎ» ይሉኛል። እሷን ምንም አይሏትም፤ ይፈሯታል። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ትለኛለች በቀን ሁለቴ። እኔም «ቀስ ያለውስ መች አጥንት ደረሰው?» እላታለሁ።

ሦስተኛው መኪና ላይ የእህቷ ልጅ ትቀመጣለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ለሥራ ርቃ ከሄደች ወዲህ አክስቷ ዘንድ ነው የምትኖረው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቁልፍ ትተክላለች፣ የልብስ ጠርዝ ትዘመዝማለች። ቃል አይወጣትም። በእኔ ቤት ሰው ዝም ካለ ወይ ታሟል ወይ ተቀይሟል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ኮርታብኝ መስሎኝ ጠምጄ ያዝኳት። ኋላ ነው የገባኝ። የክፍሏ ልጆች ሦስት አራት ሆነው እየተሳሳቁ በበራችን ሲያልፉ መርፌዋ እጇ ላይ ይቆማል። ወሬ ጠልታ ሳይሆን የምታወራው ሰው አጥታ ነው።

አንድ ሰኞ ከእነዚያ ልጆች አንዷ፣ ጥርሰ ፍንጭቷ፣ አበባ የታተመበት ጨርቅ ይዛ ገባች። ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ መድረክ ላይ ትዘፍናለች።

«አንቺ እዚህ ነሽ እንዴ? በቃ ቀሚሴን አንቺው ስፊልኝ!» አለቻት ልጅቷን እንዳየች። ልትወጣ ስትል ደግሞ ዞር ብላ፣ «ቅዳሜ ትመጫለሽ አይደል? ፊት ለፊት ቦታ እይዝልሻለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ልጅቷን አላስቀምጥ አላስቆም አላት። መቀሱን ታነሳለች፣ ትመልሳለች፣ በር ድረስ ሄዳ ትመጣለች። አክስቷ «ጨርቁን ሁለት አጥፈሽ ቁረጪ፤ ቀኝና ግራው አብሮ ይወጣል» ብላት ነበር። ጨርቁ ግን አልታጠፍ ብሎ አስቸገራት። እኔ ክፉዋ ደግሞ «ቶሎ በይ እንጂ፣ ጨርቅ አይነክስም!» እያልኩ አዋከብኳት። ጨርቁን ሳታጥፍ ዘርግታ፣ የእጅጌውን ልክ ወረቀት ሳትገለብጥ ሁለቴ ቆረጠች።

ሐሙስ ዕለት እጅጌውን ከቀሚሱ ጋር ልትገጥመው ስትል ጉድ ፈላ፤ ሁለቱም የግራ እጅጌ ናቸው። የተረፈ ጨርቅ የለም።

«አንዱን በጀርባው ገልብጠሽ ስፊው» አልኳት። «መድረክ ላይ ማን ያያል? ፋሽን ነው በያት።»

አክስቷ መነጽሯን አወለቀች። «ጨርቅ እኔ እተካለሁ። አንቺ ሄደሽ ንገሪያት።»

«ከነገርኳት መቼም አታናግረኝም!» ብላ ጮኸች። ድምፅዋ ይህን ያህል መሆኑን አላውቅም ነበር። አንዴ እኔን፣ አንዴ አክስቷን አየች፤ ከዚያ ሁለቱን እጅጌ ጠቅልላ ወጣች።

እኔ መቀመጥ መች አውቃለሁ? ተከተልኳት። የፍንጭቷ ቤት በር ላይ እጇን አንስታ ብዙ ቆመች። በመጨረሻ አንኳኳች።

«አበላሸሁት» አለቻት። «ሁለቱም ግራ ነው። ላታልልሽ እንኳ አስቤ ነበር።»

ፍንጭቷ እጅጌዎቹን ተቀብላ አየቻቸው። «ምን ልለብስ ነው ታዲያ!» አለችና እንደያዘቻቸው በሩን ዘጋችው። ልጅቷ እያለቀሰች በአጠገቤ አለፈች፤ አላየችኝም። ምክሬን አስታውሼ በራሴ አፈርኩ።

ዓርብ ዕለት አክስቷ በተካችው ጨርቅ ሰፍታ ጨረሰች። ፍንጭቷ መጥታ ቀሚሱን ወሰደች። ስለ ቅዳሜ ቃል አልተነፈሰችም።

ቅዳሜ ልጅቷ አልሄድም አለች። ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ የተሰፋ ቁልፍ ፈትታ መልሳ ትሰፋለች። ያቺ ለክታ የማትጠግብ አክስቷ መቀሱን ከእጇ ነጠቀቻት።

«ተነሺ! ይረፍድብሻል!»

ሱቁን ዘግተን ሦስታችንም ሄድን። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ፊተኛው ረድፍ ላይ ግን አንድ ባዶ ወንበር ነበር። ሰው እንዳይቀመጥበት መደገፊያው ላይ አበባ ያለበት ጨርቅ ታስሯል፤ ሁለት የግራ እጅጌ።