ውሃ የተረጨው በርበሬ

የበርበሬያችን ናሙና ቤተ ሙከራ ከገባ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ኮልፌ ባለው ግቢያችን እኔና አማቴ ዛላ በርበሬ እያስቀነጠስን፣ እያስፈጨን ለሱቆች ስናከፋፍል ኖረናል። አሁን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አውሮፓ ልንልክ ነው፤ እዚያ ያለው ደንበኛ ደግሞ ስለ ጣዕሙ ከማውራቱ በፊት የሻጋታ መርዝ እንደሌለበት ማስረጃ ይጠይቃል። ፈራሁ። አማቴ ሳቁብኝ። «እኔ በርበሬ ስሸጥ አንቺ መቼ ተወለድሽና!» አሉ።

የፈሩት ይደርሳል፤ ጠዋት ከቤተ ሙከራው ስልክ ተደወለ። በርበሬው ከተፈቀደው በላይ መርዝ ስላለበት ወደ ውጭ አይሄድም።

«ከመቀንጠሳችሁ በፊት ውሃ ትረጩበታላችሁ?» አለች የቤተ ሙከራው ባለሙያ።

እንዴት አወቀች? ደረቅ ዛላ ሲቀነጠስ ይሰባበራል፣ የሚቀነጥሱትን ሴቶችም በሳል ይፈጃቸዋል። ስለዚህ አማቴ በዋዜማው ውሃ ይረጩበትና በጆንያ ያፍኑታል። ይለሰልሳል፣ ቀለሙም ያምራል። ጎረቤቱም እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

«እርጥበቱ ነው ሻጋታውን የሚያመጣው። መርዙ ደግሞ ቢያበስሉትም አይለቅም፤ ቀስ እያለ ጉበት ይጎዳል» አለችኝ።

ስነግራቸው አማቴ ተቆጡ። «ለፈረንጅ ካልሆነ ለእኛ ሰው ይሆናል። ደንበኛዬ ባለሱቁ ሲለምነኝ ነው የሰነበተው።»

«እማማ፣ የእኛ ሰው ጉበት ከምን ተሠራ?»

ከአፌ ሲወጣ እኔው ደነገጥኩ፤ እሳቸውን እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም። ባለሱቁ ሲመጣ ግን «አልቋል» ብለው መለሱት።

ግን የት ይጣል? ቆሻሻ መጣያው ቆሼ የሄደ ነገር እዚያ አይቀርም፤ ለቃሚዎቹ ለይተው ያወጡታል። ያ ያማረ በርበሬ ወፍጮ ቤት ገብቶ የማላውቀው ሰው ድስት ውስጥ ሲጨመር ታየኝ። እናቃጥለው ብንል ጭሱ ሰፈሩን በሳል ይፈጀዋል። በመጨረሻ ከቤቱ ጀርባ ጉድጓድ አስቆፈርን። ማንም አውጥቶ እንዳይበላው ናፍጣ ያፈሰሱበት አማቴ ራሳቸው ናቸው። በርበሬው አፈር ሲለብስ ትንሽ ቀለል አለኝ።

እሳቸው እጃቸውን ታጥበው ደጁ ላይ ተቀመጡ። ውሃ ላምጣልዎት አልኳቸው። ወደ እኔ ሳያዩ፣

«የባልሽ አባት ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነው የሞተው። ሐኪሞቹ ጉበቱ ነው አሉኝ» አሉ። «ዕድሜውን ሙሉ ከእኔ እጅ ሌላ በልቶ አያውቅም። እኔ ነኝ እንዴ?»

«አይደሉም፣ እማማ» አልኳቸው።

ፈጥኜ ነው የመለስኩት። እርግጠኛ አልነበርኩም፤ እሳቸውም ዞር ብለው ፊቴን አይተውታል።