ሳጥኑ ላይ የተሳሉት ሁለት ቀስቶች

በደርግ ጊዜ ጉለሌ ውስጥ ፊዚክስ አስተምር ነበር። አንድ ሰሞን የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ፣ ጠመንጃውን እንዳነገተ፣ እኔ ክፍል በገባሁ ቁጥር መስኮቱ ስር መቆም ጀመረ። አንዳንዴ ከደረት ኪሱ ወረቀት አውጥቶ የሆነ ነገር ይጽፋል። ያኔ ደግሞ ሰው ስለ ሰው የሚጽፈው ወረቀት መጨረሻው አያምርም። ከተማሪዎቼ ማን ጠቁሞብኝ ይሆን እያልኩ የሁሉንም ፊት ማጥናት ያዝኩ።

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ሳጥን ስዬ፣ በግራና በቀኙ እኩል ቀስት አደረግሁበት። «ሳጥኑን ስትገፉት እሱም በእኩል ኃይል መልሶ ይገፋችኋል» አልኩ። ሰውዬው ቶሎ ብሎ ጻፈ። የቱ ቃል ይሆን የሚያስበላኝ?

ስወጣ በር ላይ ጠበቀኝ።

«መምህር፣ አንዴ ላነጋግርዎት።»

ወደ አዲሱ ገበያ በሚወስደው መንገድ ጎን ለጎን ሄድን። ቀበሌው ጋ ስንደርስ ቆመና ወረቀቱን ዘረጋው። የእኔው ሳጥን ነው፣ ከነቀስቶቹ።

«ይሄ ስህተት ነው» አለኝ።

«የቱ፣ ጓድ?»

«ሁለቱንም ቀስት ሳጥኑ ላይ አሳረፏቸው፤ እንዲህማ ከሆነ ተጣፍተው ሳጥኑ ንቅንቅ አይልም። አንዱ ገፊው ላይ ነው ማረፍ ያለበት።»

ደነገጥኩ፤ እውነቱን ነው። ዓመቱን ሙሉ ልጆቹን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።

«ማን አስተማረዎት?»

ቀኝ ትከሻውን በእጁ ዳበስ አደረገ።

«ጠመንጃው ጥይቱን ይገፋል፣ ጥይቱም ጠመንጃውን። ሁለቱም ጥይቱ ላይ ቢያርፉ ኖሮ፣ መምህር፣ ማንም ባልሞተ ነበር።»