ትሪውን ያዞርኩበት ሰው

ትናንት ጠዋት ወደ አዲስ አበባ እየሄድን ነው... ቶሌራ መኪናውን ዳር አቁሞ ከሱቅ ውሃ ገዛልኝ። ከፈተውና ለእኔ ከመስጠቱ በፊት ወደ ራሱ አፍ አስጠጋው። ባለጌ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ያስለመድኩት እኔ ነኝ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እኛ ቤት ሰው መጠርጠር ከእናት ጡት ጋር ነው የሚጠባው። አባቴ እኔ ልጅ ሳለሁ ባኮ ሰርግ በልቶ ሲመለስ ድንገት ወድቆ ሞተ። ከዚያ ወዲህ እናቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለች አሳደገችን። ከባኮ የተላከልንን ማንጎ እንኳ ለፍየል ነው የምንሰጠው። ፍየሏ አንድም ቀን ምንም ሆና አታውቅም... እኛ ግን አንበላም።

ወንድሜ ጉታ በዚህ እኛን አልወጣም። በቁመቱ አባቴንና እኔን ነው፤ ጎንበስ ሳይል በር አይገባም። በአመሉ ግን የከብት ነጋዴ ነው፣ ያገኘው ቤት ገብቶ ይበላል። አምና አንድ የገበያ ቀን ጌዶ ላይ፣ አብሮት የሚነግደው ቶሌራ ቤት ጥሬ ሥጋ በላ፣ አረቄ ቀመሰ። ሊሄድ ሲነሳ ደረቱን ያዘ። ቶሌራ መኪናው ላይ ጭኖት ወደ አምቦ ሆስፒታል በረረ። ጉደር ሳይደርሱ ወንድሜ አለፈ።

ሲነግሩኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «የት ነው የበላው?» ነበር።

ቶሌራን ፊት ለፊት ያዝኩት።

«ጉታ መኪና ውስጥ ምን ብሎህ ነበር?»

«ጀርባዬ ውስጥ የሆነ ነገር ተቀደደ አለኝ። ደጋግሞ። ከዚያ በኋላ ምንም አላለም።»

ይሄ ሰው ውሸት እንኳ አይችልበትም አልኩ በልቤ። ምግብ ያመመው ሰው ሆዴን ይላል እንጂ ጀርባዬ ተቀደደ ይላል? ደግሞ ዓይኑ ደረቅ ነው። ስንት ዘመን አብሮት ማዕድ የቆረሰ ጓደኛው ሞቶ እንባ የለውም።

ሽማግሌዎቹ «ሬሳ አይንገላታ፣ ዛሬውኑ ይቀበር» አሉ። እምቢ አልኩ። ለፖሊስ አመለከትኩና አስከሬኑ አዲስ አበባ ሄዶ ተመርምሮ መጣ። ቀበርነው። ውጤቱ ግን ይቆያል ተባለ። ለምን እንዳስመረመርኩት ከአምቦ እስከ ጌዶ ያልገባው ሰው የለም፤ ከሁሉ በፊት የገባው ለቶሌራ ነው።

ቶሌራ ለቅሶው ድንኳን ምግብ ይዞ መጣ። እንደምታውቁት በእኛ አገር መጠጥ የሚቀዳ ሰው ቀድሞ ይቀምሳል፤ መርዝ የለበትም ማለት ነው። ቶሌራ ወጡንም ቀመሰ። ማንም ሳይጠይቀው፣ ለቀስተኛው ሁሉ እያየው፣ ሚስቱ ካሰናዳችው ትሪ ጫፍ ቆርሶ ጎረሰ።

ሰዉ እጁን ሊዘረጋ ሲል ትሪውን አዞርኩት።

«ከዚህም በኩል ቅመስ።»

እናቴ እንኳ አንገቷን ደፋች። ቶሌራ ቀና ብሎ አየኝና «እሺ፣ ኦቦሌቲ ኮ» አለ፤ እህቴ ማለቱ ነው። ከዚያም በኩል ጎረሰ። ለቅሶው እስኪያበቃ በየቀኑ መጣ፣ በየቀኑ ትሪውን ራሱ እያዞረ ቀመሰ። እኔ ደግሞ... ማርከሻውን ቤቱ ጠጥቶ መጥቶ ይሆን? እያልኩ አየው ነበር።

ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሙ አስቀምጦ አስረዳኝ። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ አኦርታ የሚሉት፣ ግድግዳው ተቀዶ ነው የሞተው።

«መርዝ እንደዚያ ያደርጋል?»

«አያደርግም። ሥጋውም አረቄውም የሉበትም። ሲያመው ምን አለ?»

«ጀርባዬ ውስጥ የሆነ ነገር ተቀደደ... አለ።»

«ብዙዎቹ እንደዚያ ነው የሚሉት» አለኝ። ከዚያ ጣቶቼን አየ፤ ረጃጅም ናቸው። ቤተሰብ ውስጥ ድንገት የሞተ ሰው እንዳለ ጠየቀኝ። አባቴን ነገርኩት፣ የባኮውን ሰርግ ሳይቀር። ሰማኝና «አንዳንዴ በዘር ይሄዳል፤ እንደ እናንተ ቁመታቸውም ጣታቸውም በረዘመ ሰዎች ላይ ይታያል። አንቺም ብትታዪ ጥሩ ነው» አለ።

ለእናቴ ነገርኳት። ያለችው አንድ ነገር ነው፦ «የዚያ ሰርግ ባለቤት በሕይወት ይኖር ይሆን?»

እኔም ታየሁ። የእኔም ቧንቧ ሰፍቷል። ገና አልተቀደደም። የደም ግፊት መድኃኒት ጀመርኩ፣ ከባድ ነገር እንዳታነሺ ተባልኩ፣ አዲስ አበባ ሄጄ ክትትል እንድጀምር ታዘዘልኝ። ተማሪዎቼ ፊት ጠመኔ ይዤ ስቆም ሳይቀር ደረቴን አዳምጣለሁ። ፈርቻለሁ።

ወሬው ጌዶ ደረሰና ቶሌራ መጥቶ ደጃችን ላይ ቆመ። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት አቋረጠኝ።

«አንዱን ሳላደርሰው ቀረሁ። አንቺን እኔ ነኝ የማደርስሽ።»

እና ትናንት... ውሃውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ እጁን ያዝኩት።

«ሳትቀምስ ስጠኝ።»

ሰጠኝ። ጠጣሁ። እሱ መሪውን ይዞ ቁጭ አለ። በወንድሜ ቀብር ያላለቀሰውን መንገድ ዳር አለቀሰው። እኔም አብሬው አለቀስኩ። ጉታ ናፈቀኝ... ማን ገደለው ሳልል የናፈቀኝ የዚያን ጊዜ ነው።

ገዳዩን ደረቴ ውስጥ ይዤ፣ ሰው ጓዳ ስፈልገው ከርሜያለሁ።