አቤት ብላ የታጨችው ስርጉት

ስርጉት የኔሰውን ከተወለደች ጀምሮ አውቃታለሁ። ቢቸና ውስጥ ቤታቸውን ከቤታችን የሚለየው አንድ አጥር ነው። ልጅ ሳለች የሽንኩርት ልጣጭ በጣሳ ቀቅላ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚወጣው ለማየት ግማሽ ቀን ቁጭ ትል ነበር። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኬሚስትሪ ስትማር ማንም አልገረመው።

እዚያ የገጠማትን ግን ለማንም አልነገረችም። እኔም የሰማሁት ኋላ ነው። በቤተ ሙከራው የሚመዝኑትና የሚቀላቅሉት ወንዶች ናቸው፤ ሴቶቹ ጠርሙስ ያጥባሉ። ስርጉት ይህን ሁሉ ችላ እስከ መጨረሻው ዓመት ደረሰች። ከመመረቋ በፊት የቀራት የአንድ ትምህርት ውጤት ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ መምህሩ አላወጣላትም። በስልክ መልእክት፣ የፈተና ወረቀትሽ ጠፍቷል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻሽን ቤቴ መጥተሽ ብንፈልገው ይገኛል ብሎ ጻፈላት። አልሄደችም። ሌላ መልእክት ላከ፤ ከዚያም ሌላ። የመልእክቱ ቁጥር ዐሥራ አንድ ሲሞላ አቤቱታዋን ጽፋ ለዩኒቨርሲቲው አስገባች።

ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ አምስት ወንዶች ነበሩት። መጀመሪያ የጠየቋት፣ መልእክቱ ሲደርስሽ ምን ለብሰሽ ነበር የሚል ነው። መዋሸት አታውቅምና፣ መኝታ ክፍሏ ውስጥ በሹራብ ላይ ጋቢ ደርባ እንደነበር ተናገረች። የጋቢው ጥለት ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይቀር ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፈረ።

መምህሩ የሞጣ ልጅ ነው። ነገሩ እንደከረረ ሲያይ ለአባቱ ደውሎ፣ ከአንዲት የቢቸና ልጅ ጋር ተቀያይሜያለሁና ሽማግሌ ላኩልኝ አለ። ምን አድርጎ እንደተቀያየመ አልተናገረም። አባትየውም ሦስት የተከበሩ ሰዎች ለመኑ፤ መሪጌታ አካለ ወልድን፣ ነጋዴውን ሐጂ ሙሐመድጣሂርንና አቶ ሀብተ ሥላሴን።

ሦስቱ እሑድ ጠዋት ደብረ ወርቅን አልፈው ቢቸና ደረሱ። የስርጉት አባት አቶ የኔሰው በር ላይ ቆመው አዩዋቸው። ነጭ ለብሰዋል፣ ዘንግ ይዘዋል፣ ገብታችሁ ተቀመጡ ቢባሉ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም አሉ። ሽማግሌ ደግሞ የመጣበትን ነገር በአንድ ጊዜ አያፈርጠውም። የልጁን ቤተሰብ ደግነት ዘረዘሩ፤ በመጨረሻም፣ በልጃችሁና በልጃችን መካከል ያለው ነገር በመልካም እንዲያልቅልን ነው የመጣነው አሉ።

ለአካለ መጠን የደረሰች ልጅ ያለበት ቤት ሦስት ሽማግሌ ቆሞ እንዲህ ሲል አባት ሌላ ምን ያስባል? አቶ የኔሰው በወጉ መሠረት፣ ዘመድ እናማክር፤ በሁለተኛው እሑድ ተመለሱ አሉ። ሽማግሌዎቹ ለዕርቅ ሁለት ሳምንት መቀጠሩ ትንሽ ከበዳቸው፤ ልጅቷ ክፉኛ ተቀይማለች ማለት ነው ብለው ግን ተቀበሉ። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ሐና ለሐጂ አዲስ ብርጭቆ አስገዝተው ሻይ ቀዱላቸው። ሁሉም ተመራርቀው ተለያዩ።

ከዚያ የዘር ቆጠራው ተጀመረ። እስከ ሰባት ቤት ሲቆጠር አንድ ቅድመ አያት አጠራጠሩ፤ አክስቷ ያን ለማጣራት መርጡለ ማርያም ድረስ ሄዱ። ዝምድና እንደሌለ ሲረጋገጥ ቤቱ እፎይ አለ። አቶ የኔሰው ሞጣ ደውለው፣ ነገሩን በበጎ ይዘነዋል አሉ። ልጅቷን ግን የጠየቀ የለም፤ ገና ፈተና ላይ ያለች መስሏቸው እንዳይረብሿት ብለው ነው።

ይህን የሰማው መምህር ወሬውን ይዞ ኮሚቴው ዘንድ ሮጠ። ኮሚቴውም እንዲህ ሲል ጻፈ፤ «ተከሳሽ ወደ ከሳሽ ቤተሰብ ሽማግሌ መላኩ፣ ቤተሰቡም በበጎ መቀበሉ ተረጋግጧል። ለእጮኛ የተላከ መልእክት ትንኮሳ ስለማይባል መዝገቡ ተዘግቷል።» ሰብሳቢው ከፊርማቸው በታች በእጃቸው «መልካም ጋብቻ» ብለው ጨመሩበት።

ስርጉት መታጨቷን ያወቀችው ከዚህ ደብዳቤ ነው።

ቅዳሜ ቢቸና ገባች። አባቷ፣ በሰው ፊት ከምታሳፍሪን የወደድሽው ሰው መኖሩን ቀድመሽ ብትነግሪን ምን ነበረ፣ ደግሞም ደግ ቤት ነው አሏት። እሷ ለእናቷ ብቻ ነገረች። ወይዘሮ ወለተ ሐና ሲሰሙ የያዙትን ሰፌድ አስቀመጡና፣ ነገ አንቺው ራስሽ ንገሪያቸው አሉ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ስርጉት ከጓዳ ወጥታ ጉልበታቸውን ሳመች። ስልኳን በሁለት እጇ ለመሪጌታ ዘረጋች።

«አባቶቼ፣ ይህን አንብቡልኝ። ከዚያ በኋላ የምትሉኝን እሰማለሁ።»

መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው አትሮንስ ፊት እንደቆሙ ያህል ድምፃቸውን አስተካከሉ። ነጥቡን እየጠበቁ፣ ቃሉን እያጠሩ አነበቡ። ስልኩ በጨለመ ቁጥር ሐጂ ሙሐመድጣሂር በጣታቸው እየነኩ ያበሩላቸዋል። «ወረቀትሽ ቢሮ የለም፤ ቤቴ ሳይኖር አይቀርም።» ቀጠሉ። «ጓደኛሽን ይዘሽ ከመጣሽ ግን አይገኝም።» አሁንም ቀጠሉ። «ሽቶ ተቀብተሽ ነይ።» እዚህ ላይ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የፈተና ወረቀት ሽቶ ይወዳል እንዴ?» አሉ ሐጂ።

አቶ የኔሰው መሬት መሬት እያዩ፣ እኔ ለጋብቻ የመጣችሁ መስሎኝ ነው አሉ። አቶ ሀብተ ሥላሴ ደነገጡ፤ እኛ ለዕርቅ እንጂ ለጋብቻ ማን ላከን አሉ። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱ በየተራ ይቅርታ ተጠያየቁ። መሪጌታ ግን ስልኩን እንደያዙ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ልጄ፣ ምን ይደረግልሽ?»

«ዕርቅ አልፈልግም የኔታ። ወረቀቴ ሌላ መምህር ዘንድ ሄዶ ይታረምልኝ። አቤቱታዬም ይታይልኝ።»

ውሸት አሸክሞ የላከ ሰው ሽማግሌውን ንቋል። ሦስቱ ሞጣ አልተመለሱም፤ ማክሰኞ ከአቶ የኔሰውና ከስርጉት ጋር ዩኒቨርሲቲው ደረሱ። ሰብሳቢው የሽማግሌ ቃል ብቻ አይበቃም፣ አለመታጨቷ ከቀበሌ በጽሑፍ ይምጣ አሉ። አቶ የኔሰው ቢቸና ተመለሱ። የቀበሌው ጸሐፊ ላላገባ ቅጽ አለኝ፣ ላልታጨ ግን የለኝም ብሎ ረጅም ጊዜ አሰበ። በመጨረሻ በእጁ ጽፎ ማኅተም መታበት።

ያን ጊዜ መዝገቡ ተከፈተ፤ መምህሩም ጉዳዩ እስኪጣራ ከማስተማር ታገደ። የጠፋው ወረቀት የተገኘው ከቢሮው የመጀመሪያ መሳቢያ ነው፤ ከላይ ነበር።

ሌላ መምህር ሲያርመው ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አንነሳም አሉ። ከቀትር በፊት ተቀምጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆዩ። ስርጉት ወረቀቷን ይዛ ስትወጣ ሦስቱም ተነሡ።

«ምን ይላል?» አሉ ሐጂ።

«ኤ ይላል።»

«ደግ ነው እሱ?»

«ከሱ በላይ የለም፣ ሐጂ።»

ሐጂ ወረቀቱን ተቀብለው ለመሪጌታ አሳዩ፤ መሪጌታም ለአቶ ሀብተ ሥላሴ። የፈረንጁን ፊደል አንዳቸውም አያነቡት፤ ቢሆንም እያንዳንዳቸው ተራቸውን ጠብቀው ረዘም አድርገው አዩት። ከዚያ አጥፈሽ እንዳትይዢው አደራ ብለው መለሱላትና ወደ መናኸሪያው አቀኑ።