ያልደረሰው እሺታ

ጀምበሩ ሁለት እጁን እስከ ክርኑ ውሃ ውስጥ ነክሮ ግብጦ ያሻል። ግብጦው ተቆልቶ፣ በጆንያ ታስሮ ከሮብ ገበያ በታች ባለችው ምንጭ ስድስት ቀን ሲታጠብ ሰንብቷል። እርሱ ግን አሁንም አላመነውም። አንድ ፍሬ ያነሳል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያጣጥማል፣ እንደገና ያለቀልቃል። ውሃው ከጮቄ ተራራ የሚወርድ ስለሆነ ጣቶቹ ቀልተው ደንዝዘዋል። ይሁን እንጂ ዛሬ አንዲት የመረረች ፍሬ እንኳ ማለፍ የለባትም።

ምክንያት አለው። ግብጦው ለሩሃማ ነው። ሩሃማ ዘንድሮ ከደብረ ኤልያስ የመጣች ልጅ ናት፤ አባቷ የግብርና ባለሙያ ሆኖ ወደዚህ ተዛውሮ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ገብታ በመስኮቱ በኩል ሁለተኛው ዴስክ ላይ ከተቀመጠችበት ቀን ጀምሮ ጀምበሩ ጤና የለውም። ባንዲራ ሲሰቅል እርሷን እያየ ገመዱን መሳብ ረሳና፣ መዝሙሩ ሲያልቅ ባንዲራው ገና ከእንጨቱ ወገብ ላይ ነበር፤ ርእሰ መምህሩ ተማሪውን ሁሉ እንደገና አዘመሩት። ሰሌዳ አጥፋ ቢባል መምህሩ ገና እየጻፉት ያሉትን አጠፋው።

የባሰው ግን ያለፈው ሳምንት ነው። ያን ጊዜም ግብጦ ይዞላት ሄዶ ነበር፤ ቸኩሎ በሦስተኛው ቀን ከውሃ አውጥቶት ኖሯል። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ተሻሙበት። ወዲያው ክፍሉ በሙሉ በመስኮት እየተንጠራራ ይተፋ ጀመር።

«ምነው ጀምበሩ፣ ኮሶ ነው እንዴ ያበላኸን!» አለ ጓደኛው ደምለው ምላሱን በእጅጌው እየጠረገ።

ሩሃማ ግን የደረሷትን ሦስት ፍሬዎች አንድ በአንድ አኝካ ዋጠቻቸው። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ፊቷ ግን አልተኮሳተረም።

«እንዴት ዋጥሽው?» አላት። ለእርሷ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነበር።

«ሰው ለፍቶ ያመጣልኝን እንዴት እተፋለሁ?»

ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ ጉሙ ተገልጦ የጮቄ ተራራ ከነሙሉ ቁመቱ ቆሞ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ያየው ተራራ ነው። ያን ቀን ግን ደብተሩን እንደታቀፈ መንገድ ላይ ቀረ። ይህን የሚያህል ነገር እዚህ ቆሞ ሳላየው ኖሬያለሁ ማለት ነው ብሎ ተገረመ። የገረመው ተራራው ይሁን ሩሃማ፣ ለራሱም አልለየለትም።

«አንተ ልጅ! ግብጦውን አሽተህ ልትጨርሰው ነው እንዴ?»

እናቱ ዘሪቱ ናት፤ ጀሪካን ይዛ ወደ ምንጩ ወርዳለች።

«ተነስ በል። እነ ሩሃማ ቤት ሂድና ‹እናቴ እሺ ብላለች› በልልኝ።»

«ምኑን?»

«የሩሃማን ሕፃን እህት ነዋ! እሁድ ሰማንያ ቀኗ ይሞላል። ዘመድ የለኝም፣ ክርስትና አንሺልኝ ብላ እናታቸው ያለምወርቅ ለምናኛለች። መልሴን እየጠበቀች ነው።»

ጀምበሩ ልቡ የቀረው «እነ ሩሃማ ቤት» ከሚለው ላይ ነበር። ፊቱን ታጠበ፣ ግብጦውን በንጹሕ ጨርቅ ቋጠረና ዳገቱን በሩጫ ወጣው።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ደምለውን አገኘው። ደምለው ዲያቆን ነው፤ ከቅዳሴ ወጥቶ ነጠላውን እያጣፋ ነበር።

«ወዴት ነው እንደ ሙሽራ የምትጣደፈው?»

«እነ ሩሃማ ቤት! እናቴ ሕፃኗን ክርስትና ልታነሳ ነው።»

ደምለው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እንኳን ደስ ያለህ! እህትህን ሰላም በልልኛ።»

«የምን እህት?»

«አይ ሞኙ! እናትህ ክርስትና ካነሳች እኮ እናንተና እነርሱ አበልጅ ናችሁ። አበልጅ ዘመድ ነው፣ አይጋባም። ከእሁድ ወዲያ ሩሃማ እህትህ ናት፤ አለቀ።»

ጀምበሩ ከዚያ በኋላ የሄደው በማን እግር እንደሆነ አያውቅም። እሺ ብላለች ቢል፣ ሩሃማን በገዛ አፉ እህቱ ማድረጉ ነው። ዝም ቢል ደግሞ ያቺ ሕፃን እሁድ ማን ይታቀፋታል?

በሩን የከፈተችው ሩሃማ ነበረች፤ ሕፃኗን ይዛለች። ጀምበሩ ቋጠሮውን ሲዘረጋ ሕፃኗ የደነዘዘች ጣቱን ያዘችና አልለቅም አለች። ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ጥፍሯን ጎንበስ ብሎ አየ። ጥፍሯ ላይ እንኳ ነጭ ጨረቃ አለ!

ሩሃማ ጨርቁን በአንድ እጇ ፈትታ አንድ ፍሬ ቀመሰች።

«ዛሬ ጣፍጧል።» ሌላ ፍሬ አነሳችና፣ «እናትህ እሺ ብለው ልከውህ ነው?»

ጀምበሩ ጆሮው ጋለ። ዓይኑን ወደ ሕፃኗ መለሰ።

«ጎረቤታችን እማማ ወለተ ሐዋርያትም ‹ክርስትና የማነሳት እኔ እያለሁ› ብለው አኩርፈዋል» አለች ሩሃማ፣ መሬት መሬቱን እያየች። «እናቴ የአንተን እናት ወዳ ነው እንጂ። ግን አበልጅ ከሆንን እኮ… ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ» አለ። ያወቀው ከሩብ ሰዓት በፊት መሆኑን አልነገራትም። እርሷም አስባበት ኖሯል! ያ ሁሉ ጉም እንደገና የተገለጠ መሰለው።

«ማነው ሩሃማ?» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። «ከነዘሪቱ ቤት ነው?»

ሩሃማ ጀምበሩን አየችው። የሕፃኗን ጣቶች ከጣቱ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀች።

«የክፍሌ ልጅ ነው እማ» አለች ጮክ ብላ። «ግብጦ አምጥቶልን ነው።»

ግብጦውን ወደ ቤት አስገብታ ስትመለስ ጀምበሩ ባዶውን ጨርቅ ተቀብሎ ሄደ። እናቱ ደጅ ቆማ እንደምትጠብቀው ያውቃል፤ ምን እንደሚላት ግን አያውቅም። ያላደረሰውን እሺታዋን እንደያዘ፣ በረጅሙ መንገድ ዞሮ፣ ጮቄን እያየ ቀስ ብሎ ወረደ።