ግጥም ሰጪውን ፍለጋ

ስደተኛ ሁሉ አገሩን የለቀቀው ሌሊት ነው። እዚህ ካርቱም ያገኘሁት ሰው ሁሉ የመውጫውን ነገር ሲያወራ ጨረቃ አለችበት፣ ጅብ አለበት፣ ውሻ ይጮህበታል። እኔ የወጣሁት ቅዳሜ ነው፤ በገበያ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ማሲንቆዬን አንግቼ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ፈርሞ ማኅተም የመታበትን የይለፍ ወረቀት በደረት ኪሴ ይዤ። ሊቀመንበሩ ራሱ እስከ ከተማው ዳር ሸኝቶ «በርታ» ብሎኛል። ስለዚህ እናንተ ወሎ መካነ ሰላም ያላችሁ፣ ደምሴ ከዳ፣ ደምሴ ጠፋ የምትሉ፣ እኔ አልጠፋሁም። ተልኬ ነው የወጣሁት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እኔ ለብቻዬ የምዘፍን አዝማሪ ነኝ፤ አባቴም እንደዚያው ነበር። ሠርግ ከጠሩኝ እሄዳለሁ፣ ካልጠሩኝ እትየ ታንጉት ጠላ ቤት ነኝ። እዚህ ስደት ላይ ለተወለዱት ልጆች ስል ሥራችንን ላስረዳ፦ አዝማሪ የራሱን ግጥም ይገጥማል፤ ግን ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል» ካለው የተሰጠውን ግጥም እንደወረደ መዝፈን ግዴታው ነው። ስድብም ቢሆን፣ የገዛ እናቱን የሚነካም ቢሆን ይቀበላል። ሰጪው ማን እንደነበረ ደግሞ ከዚያ ቤት ውጭ ትንፍሽ አይልም። አንዴ ከአፉ ከወጣ ግጥሙ የአዝማሪው ነው፣ ጣጣውም እንዲሁ።

በመጀመሪያው ረሃብ፣ ንጉሡ ሳይወርዱ፣ ሠርግ የሚባል ነገር ጠፋ። ጌሾም ብቅልም ጠፍቶ እትየ ታንጉት ቤት የምንሰበሰበው ባዶ ጋን ከብበን ለማውራት ነበር። ቤታቸው መንገድ ዳር ነው። ከአገራችን የተሰበሰበው ስንዴ በመኪና ወደ ደሴ ሲሄድ በራቸውን ታክኮ ያልፋል። ሴት ልጃቸውን ከቀበሩ ገና አርባ ቀን አልሞላቸውም። እኔ ማሲንቆዬን በአምባሰል እየቃኘሁ ሳለ፣ አንድም ቀን ለአዝማሪ ግጥም ሰጥተው የማያውቁት ሴትዮ «ተቀበል ደምሴ» አሉኝ።

ስንዴው በመኪና አለፈ በደጄ፣
አቧራውን ቀምሳ ተኛችልኝ ልጄ።

ይቺን ብለው ጓዳ ገቡ። የቀረ ይኑራቸው አይኑራቸው አልጠየቅሁም። ተቀበልኩና ዘፈንኩ፣ ቤቱ ሁሉ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። አንድ ካድሬ ከደሴ መጥቶ የኪነት ቡድን አቋቋመና እኔንም አስጠራኝ። ለብቻዬ ነው የምዘፍነው ስለው፣ ይሄ ግለኝነት ይባላል፣ በሽታ ነው አለኝ። ያቺን ግጥም ስዘፍንለት ግን ብድግ ብሎ አጨበጨበ። መኪናው የባላባቱ ነው፣ ልጅቷ ጭቁኑ ሕዝብ ናት፣ አቧራው ደግሞ ፊውዳሊዝም ነው ብሎ ለተሰብሳቢው አስረዳ። እትየ ታንጉት ከሴቶች ማኅበር ጋር ከኋላ ተቀምጠው ነበር፤ አቧራው ፊውዳሊዝም መሆኑን ሰሙና ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሊቀመንበሩ የምስክር ወረቀት ሰጠኝ፣ እኔም አጅባር፣ ማሻ፣ ወግዲ እየዞርኩ በድምፅ ማጉያ ዘፈንኩት። ከራሴ ግጥሞች አንዱንም በድምፅ ማጉያ የጠየቀኝ አልነበረም።

ዓመታት አለፉና ዝናቡ እንደገና ቀረ። ሁለተኛው ረሃብ ሲመጣ እኔ ከግጥሙ አንዲት ፊደል አልቀየርኩም። የተቀየረው መኪናው ነው፤ አሁን በእትየ ታንጉት በር ስንዴ ጭኖ የሚያልፈው የመንግሥት መኪና ነበር። እኔ ሞኙ ይሄን ሳላስብ አንድ ሐሙስ ሰው ጠየቀኝ ብዬ ዘፈንኩት። በማግስቱ ጠዋት ሊቀመንበሩ አስጠራኝ።

«ይሄን ግጥም ማን ሰጠህ?» አለኝ።

«የራሴ ነው።»

«አንተ ይሄን ያህል አትችልም።»

ከቢሮው ጎን ያለውን እሥር ቤት ሳይ ያልተናደድኩትን በዚች ቃል ተናደድኩ። የሚያሳዝነው እውነቱን መሆኑ ነው። እስከ ሰኞ የሰጪውን ስም እንዳመጣ፣ ካላመጣሁ በሰጪው ቦታ እኔ እንደምገባ ነግሮ አሰናበተኝ።

በቀጥታ እትየ ታንጉት ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ስነግራቸው ነጠላቸውን ከመስቀያው አወረዱና፣ እንግዲህ ሄጄ እኔ ነኝ ልበላቸው አሉ። በሩ ላይ ቆሜ ከለከልኳቸው። ሰጪውን አሳልፎ የሰጠ አዝማሪን ከዚያ ወዲያ ማን ተቀበል ይለዋል? ይሄን ነው ያልኳቸው። ልቤ ውስጥ ግን የነበረው ሌላ ነው፤ ልጃቸውን መውሰዱ አልበቃው ብሎ መኪናው እሳቸውንም ጭኖ ሲሄድ ማየት አልችልም ነበር።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ቢሮ ተመለስኩና ትዝ አለኝ አልኩት። አንድ የወግዲ ሰው ነው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ መልኩን አውቀዋለሁ፣ ሄጄ ይዤው ልምጣ። ሊቀመንበሩ በጣም ደስ አለውና ቁጭ ብሎ ጻፈልኝ፤ «ጓድ ደምሴ ግጥም የሰጠውን ግለሰብ ፈልጎ ለመያዝ የሚጓዝ በመሆኑ በየኬላው አስፈላጊው ትብብር ይደረግለት» ይላል። ወረቀቱ እስከ ዛሬ አለኝ።

ከወግዲ ዓባይን ወርጄ ጎጃም ተሻገርኩ። በየኬላው ወረቀቷን እሰጣለሁ፣ ያነቡና አገኘኸው ወይ ይሉኛል፤ ትናንት በዚህ አለፈ አሉኝ እላለሁ። አንዱ ጠባቂ ዳቦ ሰጠኝ፣ አንዱ ጭነት መኪና አስቁሞ አሳፈረኝ። የጎንደሩ ደግሞ ያን ረጅም ቀጭን ሰውዬ በዓይኑ እንዳየው፣ ነገረ ሥራውም እንዳላማረው ምሎ ነገረኝ። እስከ መተማ ድረስ የሌለውን ሰው እየተከተልኩ ሄድኩ፤ ከመተማ ወዲያ ጠያቂም አልነበረ።

ገዳሪፍ ላይ ስደተኛ የሚመዘግብ ሹም ፊት ቀረብኩ። አስተርጓሚው ከየትኛው ድርጅት ነህ ይለኛል፤ ያኔ ድርጅት የሌለው ሐበሻ የለም። ከራሴ ነኝ አልኩት። አባላቱ ስንት ናቸው አለኝ፣ አንድ አልኩት። ሹሙ ጻፈው። ለምን መጣህ ሲለኝ ደግሞ ግጥም የሰጠኝን ሰው ፍለጋ ነው ብዬ ወረቀቴን ዘረጋሁለት። ከአስተርጓሚው ጋር ብዙ ተነጋገሩና ከታች በኩል «የአእምሮ ሁኔታ» የሚል መስመር ላይ የሆነ ነገር ጻፈ።

ካርቱም ስገባ ያስደነገጠኝ ሙቀቱ ነው። ያገሬን ጋቢ አንድ ቀን እንኳ አልለበስኩትም፤ ፀሐይ እንዲከልልልኝ መስኮቱ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ክስራ የሚሉት ምግብ አላቸው፣ ሲያዩት እንጀራ ነው፣ ሲቀርቡት ዓይን የለውም። ባቄላውን ፉል ብለው በዘይት አርሰው በየማለዳው ይበላሉ፣ ፆም አይደል ፍስክ አይደል። ሃቡብ የሚባል አቧራ ሲነሳ ሰማዩ ይቀላና አፍህ በአሸዋ ይሞላል፤ ያን ጊዜ ያቺ ግጥም ራሷን ትዘፍናለች። አንድ ነገር ብቻ ሆዴን አባባው፤ አይዞህ የምንልበት፣ የወሎ ብቻ ይመስለኝ የነበረው «አብሽር» እዚህ በየመንገዱ አለ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ጀበና ሻጭ ወደ ሌላው አብሽር ሲል ሰምቼ የመካነ ሰላም ሰው መስሎኝ ተከትዬው ሄድኩ።

ቤት ያከራዩኝ ሐጅ ማሲንቆዬን አገላብጠው አዩት። የእነሱ ረባባ የሚሉት ክራር አምስት ጅማት አለው።

«የቀሩትን የት አደረስካቸው?» አሉኝ።

«አንድ ብቻ ነው ያለው።»

«አብሽር» አሉኝ አዝነው፣ «ሥራ ስታገኝ ታሟላዋለህ።»

ሥራ አገኘሁ። ደይም በሚባለው የሐበሻ ሠፈር በየሠርጉ መዝፈን ጀመርኩ፣ ኋላም አንድ ነጋዴ ቤቱ ውስጥ ብርድ ልብስ በግድግዳው ላይ ሰቅሎ ካሴት ቀዳኝ። አሥር ዘፈን ነው፤ ዘጠኙን እኔ ገጥሜያቸዋለሁ፣ ማንም አያስታውሳቸውም። ሰው የሚገዛው ለአሥረኛው ነው። የድርጅት ሰዎች ሁሉ እየመጡ መኪናው የጠላቶቻቸው መሆኑን ይነግሩኛል። ልጅቷ የማን ናት የሚለኝ ሲበዛ ጊዜ፣ እትየን ላለማጋለጥ፣ ካሴቱ መግቢያ ላይ «ይቺ ልጅ የሁላችንም ናት» ብዬ ተናገርኩ። ሰው ይሄን ወደደው። እኔ ግን ባጨበጨቡልኝ ቁጥር አፍሬ አጎነብሳለሁ፣ ትሕትና ይመስላቸዋል።

ባለፈው ዓመት አንድ የደሴ ነጋዴ መልእክት አድርሶልኝ፣ እትየ ታንጉት በገበያ ቀን መካነ ሰላም ስልክ ቤት እንዲጠብቁኝ ተቀጠርን። ካርቱም ስልክ ቤት ከጠዋት ጀምሬ ተሰለፍኩ። ተራዬ ደርሶ መስመሩ ሲገባ ድምፃቸው ከጋን ውስጥ የሚመጣ ይመስላል።

«እትየ፣ ደምሴ ነኝ። እንደምን ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ካሴትህ ደርሶ ሰማሁት። ልጅቷ የሁላችንም ናት አልክ።»

«ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«የሁላችሁም አይደለችም፣ ልጄ። የኔ ናት። ያን ቀን ጓዳ የገባሁት እንባዬን ልጠርግ ነው እንጂ ግጥሙ አላለቀም ነበር። ስወጣ ሰዉን ሁሉ አስለቅሰኸው አገኘሁና ተውኩት።»

«እትየ፣ ይሄን ስልክ ሰው ይሰማዋል።»

«ይስማ። ተቀበል።»

የማን ናት ለሚለው ስም አላት ልጅቷ፣
የሻረግ ነው ስሟ፣ ታንጉት ናት እናቷ።

ማሲንቆ የለኝ፣ መነጋገሪያውን በሁለት እጄ ይዤ እዚያው ሰልፉ ፊት በአምባሰል ተቀበልኩ። የሻረግን ስም ስጠራ አንዳች ነገር ቀጭ አለና ከዚያ ወዲያ የሚሰማኝ የራሴ ድምፅ ብቻ ሆነ። ሠራተኛው መጥቶ ትከሻዬን ነካ አድርጎ መስመሩ ተቋርጧል አለኝ። የእናቷ ስም ላይ ገና አልደረስኩም ነበርና መነጋገሪያውን አልሰጠሁትም፣ ጨርሼ ነው የሰጠሁት።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ደብዳቤ ልኬያለሁ፣ መልስ የለም። የደሴው ነጋዴም ወደዚያ አልተመለሰም። ስልኩን ዝናብ ይቁረጠው ሰው አላውቅም። ከመካነ ሰላም ይሄን የምታነቡ ካላችሁ፣ ያ መንገድ ዳር ያለው ቤት ክፍት መሆኑን አይታችሁ ጻፉልኝ። እሳቸውን ካገኛችኋቸው ደግሞ፣ ምናልባት ያን ቀን መጨረሻውን አልሰሙት ይሆናልና፣ ደምሴ ተቀብሏል በሏቸው፤ የሻረግንም ታንጉትንም።